እንግዳ ሳይሆን ባለቤት፦ ስለ ምሥራቅ ጎጃም ሙስሊሞችና ስለ ዕርቅ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችና ንግድ ቤቶችም ተዘረፉ፣ ጋዩ። ጉዳዩ በሞጣም ሆነ በብቸና፣ በአምበርም ሆነ በደብረ ማርቆስ በየገበያውና በየለቅሶ ቤቱ ሲነሣና ሲጣል ኖሯል። ከሚባለው ውስጥ አብዛኛው ማንም ሳይመረምረው ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነገር ነው። ወሬው በወሬነቱ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን የሰላም ኮሚቴ ሲቋቋም፣ የዕርቅ ሽማግሌ ሲመረጥ፣ የወረዳ መድረክ ሲጠራ ሙስሊሙ ይጠራ አይጠራ፣ ከተጠራም የት ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው ይኸው ያልተመረመረ ወሬ ነው።

«ሙስሊሙ ከሌላ አገር የመጣ ነጋዴ ነው።»

ብዙ ጊዜ የሚባለው ይህ ነው፤ የሙስሊም አገሩ መካ ነው የሚለው የቆየ አባባልም የሚናገረው ይህንኑ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እስልምና ኢትዮጵያን ያወቃት ገና በነቢዩ ሙሐመድ ዘመን፣ የመጀመሪያዎቹ ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ሲጠጉ ነው። ወደ ጎጃም ስንመጣም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ከእናርያ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ የሚዘልቀው የሲራራ ንግድ ትልቁ መገናኛ በደቡብ ጎጃም፣ የጁቤ አጠገብ፣ የነበረው የባሶ ገበያ ነው። ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ የሚያሳዝን ቢሆንም ሰውም ጭምር፣ በዚያ መንገድ ያልፍ ነበር። የሲራራው ዋና ነጋዴዎች ሙስሊሞች ነበሩ። ጨርቁን የሚሸምኑት፣ አሞሌ ጨውን ከሰሜን የሚያመጡት፣ በየገበያው ዳር መንደር መሥርተው የኖሩት የእነዚሁ ነጋዴዎች ቤተሰቦች ናቸው። ሞጣም ብትሆን ጎጃምንና ጎንደርን በሚያገናኘው የሰባራ ድልድይ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያ ድልድይ ላይ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም በቅሎ ተራምዷል።

ታዲያ የእንግድነቱ ወሬ ለምን አልሞትም አለ? መልሱ ያለው በመሬት ሥሪቱ ውስጥ ነው። በአብዛኛው የደጋ አገር ሙስሊም ርስት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው መንደር እንዲኖሩ ተወሰነ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ታዘዙ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ የሚደነግግ ነበር። መሬት የተነፈገ ሰው የሚተርፈው በሽመና፣ በንግድና በእጅ ሙያ ነው። ይህ የሆነው ሙስሊሙ «ለንግድ የተፈጠረ» ስለሆነ አይደለም፤ በሕግና በልማድ የተዘጋበት በር ስለነበረ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ መሬት የማግኘት መብት ተከፈተ፤ የልብ መዝገብ ግን እንደ አዋጅ በአንድ ቀን አይሻርም። ሰውን ከርስት ከልክሎ፣ ከልጅ ልጁ ዘመን በኋላ «ርስት የለህም፣ እንግዳ ነህ» ማለት ግፍን ማስረጃ ማድረግ ነው።

«አማራ ማለት ክርስቲያን ማለት ነው።»

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ይህን በቁጥር ያፈርሰዋል። በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከተቆጠሩት ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ውስጥ ከመቶ 99 በላይ የሚሆነው ብሔሩን አማራ ብሏል፤ ሙስሊሙ ደግሞ ከመቶ 2 ተኩል ያህል ነው፣ ማለትም ከ50 ሺህ በላይ ሰው። አማራ ያልሆነው ከመቶ አንድ እንኳ ካልሞላ፣ የዞኑ ሙስሊም አብዛኛው አማራ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ከመደመርና ከመቀነስ የበለጠ ሒሳብ አያስፈልግም። በክልሉ በሙሉ ሲታይ ደግሞ ከመቶ 17 ገደማ፣ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሙስሊም ነው።

ስሕተቱ የቆየው በድሮው አነጋገር «እስላም ነህ ወይስ አማራ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ስለነበረ ነው። ዛሬ ብሔር የፖለቲካና የአስተዳደር መሠረት በሆነበት አገር ይህ አነጋገር አደጋ አለው። አማራ በአማራነቱ ሲጠቃ ሙስሊሙም አብሮ ይጠቃል፤ የአማራ ጉዳይ ሲመከር ግን ሙስሊሙ ከደጅ ይቀራል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ላይ ብሔር የሚገለጸው በጋራ ባህል፣ በቋንቋ፣ በህልውና፣ በሥነ ልቦና አንድነትና በተያያዘ መልክዓ ምድር ነው። ሃይማኖት ከመሥፈርቶቹ ውስጥ የለም።

«ጎጃም ውስጥ ተዋልደን፣ ተከባብረን ኖረናል፤ የሞጣው የጥቂት ዱርዬዎች ሥራ ነው።»

ከዚህ አባባል ውስጥ ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። የአብሮነቱ ኑሮ ሐሰት አይደለም። በሠርግ ቤት ለሙስሊሙ ሥጋ ለብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል፤ ሙሽራዋን የሚሸኘው ግን መንደሩ በሙሉ ነው። በለቅሶ ቀን ማንም በሃይማኖት ተለይቶ አይቀርም። ሥጋው መለየቱን የጠብ ምልክት አድርጎ ማየት ያላወቀ ሰው አስተያየት ነው፤ መለየቱ አንዱ የሌላውን ሥርዓት አክብሮ አብሮ የሚበላበት ጥበብ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ አብሮነት ሞጣን አላዳናትም። በዚያ ዓርብ በከተማዋ አንድ ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት መነሣቱ ተሰማ። ማን፣ እንዴት፣ ለምን የሚለው ሳይጣራ ሕዝብ ወጣ፤ ቁጣውም የሄደው ወደ መስጊዶቹና ወደ ሙስሊሞቹ ሱቆች ነበር። አራት መስጊዶች ጉዳት ደረሰባቸው። በቀጣዮቹ ቀናት በአዲስ አበባና በብዙ ከተሞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ድርጊቱን አወገዙ፤ መልሶ ለመገንባት ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ተዋጣ።

እሳቱን የጫሩት ጥቂቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ጥቂቶች ብዙዎችን ማነሣሣት የቻሉት ግን ወሬው የሚያርፍበት የተዘጋጀ ቦታ ስላገኘ ነው። «እነሱ» የሚል ቃል አስቀድሞ ባይኖር ኖሮ፣ ያልታወቀ ሰው አደረገው የተባለ ነገር በሙስሊም ባለ ሱቅ ላይ አይላከክም ነበር። የወንጀል ተጠያቂነት የግል ነው፤ ይህ በሕግም በፍትሐ ነገሥት ባደገው የአገሬው ሕሊናም የታወቀ ነው። «የጥቂቶች ሥራ ነው» የሚለው አባባል የሚወደደው ከተማዋን ከሐፍረት ስለሚያድናት ነው። ሐፍረትን መሸሽ ግን ቀጣዩን እሳት አያጠፋም።

በዚያው ልክ የተሳሳተ ሌላ ወሬም አለ፤ «ድሮም ጠላቶች ነበርን» የሚል። ጠላቶች የሆኑ ሰዎች በአንድ ገበያ መቶ ዓመት ሚዛን አይጋሩም።

«ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ የዕርቅ ጉዳይ የብዙኃኑ ነው።»

ብዙ ጊዜ ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ድምፅ በመቁጠር የሚወሰን ነገርና መብት የተለያዩ መሆናቸውን ያላስተዋሉ ናቸው። ምርጫ በብዛት ይወሰናል። የማምለክ መብት፣ ንብረት የማፍራት መብት፣ በሕግ ፊት እኩል የመሆን መብት ግን በቁጥር አይታደሉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ አንቀጽ 40 ንብረትን ሲደነግጉ «በአካባቢው ብዙ ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጡም። አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጀው የአናሳዎች መብት መግለጫ ከዚህ አልፎ፣ አናሳዎች በሚነካቸው ውሳኔ ላይ በተግባር የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል።

አናሳውን ከዕርቅ ጠረጴዛ ማስቀረት ምን እንደሚያስከትል ስሪላንካ ታሳያለች። በዚያች አገር የነበረው ጦርነት የሲንሃላና የታሚል ሕዝቦች ነው ተባለ። ሙስሊሞቹ ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚናገሩት ታሚልኛ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990 የታሚል ነብሮች የሚባለው ታጣቂ ድርጅት ከ70 ሺህ የሚበልጡ ሙስሊሞችን ከሰሜኑ ክፍለ ሀገር አባረረ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተኩስ አቁም ስምምነት ሲፈረም ፈራሚዎቹ መንግሥትና ነብሮቹ ነበሩ። ሙስሊሞቹ በራሳቸው ልዑክ እንቀመጥ ብለው ጠየቁ፤ ራሱን የቻለ ወንበር ግን አልተሰጣቸውም። ስለ ቤታቸውና ስለ መሬታቸው ሌሎች ተነጋገሩበት። የተፈናቀሉት ለብዙ ዓመታት በተፈናቃዮች ሰፈር ቆዩ። ጠቡ የሁለት ወገን ነው ሲባል ሦስተኛው ወገን ጉዳቱ ብቻ ይደርሰዋል።

አናሳነት ደግሞ ተለዋዋጭ ነገር ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በሙስሊሞች የቀብር ሥርዓት ላይ ጥቃት ደርሶ ሰው ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በጎንደር አናሳው ሙስሊም ነው፤ በወራቤ አናሳው ክርስቲያን ነው። የሞጣን ሙስሊም መብት የሚጠብቅ መርሕ የወራቤን ክርስቲያንም ይጠብቃል፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት አይቻልም።

«መብታችን ይከበር ማለት ግጭት መቀስቀስ ነው።»

ታሪክ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች፣ ከእነሱም ጋር ክርስቲያን ደጋፊዎቻቸው፣ ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው መካከል በዓላቶቻችን ይከበሩ፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሳይሆን «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚሉት ነበሩ። የመጨረሻውን ጥያቄ ልብ ይሏል፦ ሰዎቹ የጠየቁት መለየትን አይደለም፣ መደመርን ነው። ብዙም ሳይቆይ ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ፤ አገሪቱም በዚህ አልፈረሰችም።

በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው እንቅስቃሴም በየዓርቡ በመስጊድ ግቢ በሰላም የተካሄደ ነበር፤ ጥያቄውም መንግሥት በሃይማኖታችን ጉዳይ ጣልቃ አይግባ የሚል ነበር። የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፣ ተፈረደባቸው፣ በኋላ ተፈቱ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ግጭት የሚቀሰቅሰው ጥያቄው ሳይሆን ጥያቄውን ማፈን ነው። ዝምታን እንደ ሰላም የሚቆጥር አስተዳደር ቅሬታው የት እንደተከማቸ የሚያውቀው ከጢሱ በኋላ ነው።

«ሙስሊም ሽማግሌ የክርስቲያንን ጠብ ሊያስታርቅ አይችልም።»

ጎረቤት ወሎን መመልከት ይበቃል። በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች የደም ጠብ ሲነሣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይሉ በመካከል ይገባሉ። ገዳይና የሟች ወገን ይቀርባሉ፣ በደል ይታመናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ቂም እንዳይመለስ መሐላ ይገባል። ሼኩም ቄሱም በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ። ይህ ልማድ የአማራ ክልል ልማድ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም።

ሙስሊሙ የብሔር ግጭትን በማስታረቅ ያለው ልዩ ድርሻም እዚህ ይታያል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው ግጭት ተነሥቶ ሰው ሲያልቅና ከተማው ሲቃጠል፣ ጉዳዩ የአማራና የኦሮሞ ተብሎ ተነገረ። በከሚሴ በኩል ያለው ኦሮሞ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በአጣዬ በኩል ያለው አማራ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው። በዚያ ምድር በአንድ ኢማም ኋላ የሚሰግዱ አማራና ኦሮሞ አሉ። በቋንቋ ከአንዱ፣ በእምነት ከሌላው ጋር የተሳሰረ ሰው ሁለቱንም ወገን ሄዶ ሊያናግር ይችላል፤ ሁለቱም ቤት ይቀበሉታል። ይህን ሰው «ወላዋይ ነው» ብሎ መጠርጠር ራስን ከድልድይ መከልከል ነው። እርግጥ ነው፣ ሙስሊም በመሆኑ ብቻ ማንም አስታራቂ አይሆንም፤ የሽማግሌነት ሚዛኑ እውነተኛነቱና ተሰሚነቱ ነው። ከዚያ ሚዛን በፊት በሃይማኖቱ የሚጣል ሰው ግን ሊኖር አይገባም።

«ሽማግሌ ካስታረቀ፣ ፍርድ ቤትና ካሳ ምን ያደርጋል?»

ይህ ለሽምግልና ክብር የተባለ ይመስላል፤ ሽምግልናን ያላወቀ አነጋገር ነው። በአገሬው ሥርዓት ዕርቅ ማለት «እርሱት» ማለት ሆኖ አያውቅም። በደለኛው በስሙ ይጠራል፣ ጥፋቱን ያምናል፣ ይክሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ማዕድ የሚቀርበው። መስጊዱ ለተቃጠለበትና ሱቁ ለተዘረፈበት ሰው፣ ያጠፋው ሳይታወቅና የጠፋው ሳይመዘገብ «ይቅር በል» የሚሉት ሽማግሌዎች የአባቶቻቸውን ሥራ አልሠሩም። የሃይማኖት ሰላምን ማወክ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅም በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ሽማግሌው የልብን ያክማል፣ ዳኛው የሕጉን ይፈርዳል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

«የሸሪዓ ፍርድ ቤት በመንግሥት ውስጥ ሌላ መንግሥት ነው።»

አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተጠናከሩት በዚሁ ወሰን ነው። አልስማማም ያለ ሰው ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። የወንጀል ጉዳይ ወደ ሸሪዓ አይሄድም፤ ክርስቲያንንም ማንም ወደዚያ አይጎትተውም።

«አንድ ሼክ ከተጠራ ሙስሊሙ ተወክሏል።»

ይህ ደግሞ የባለሥልጣናት ስሕተት ነው። በመድረኩ የፊት ረድፍ አንድ ጥምጣም ያሰረ አባት ማስቀመጥ ለፎቶግራፍ ይበቃል፤ ለውክልና ግን አይበቃም። ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ፣ ልጇን ይዛ የሸሸች እናት፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ «አንተ የየትኛው ወገን ነህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ወጣት የሚያውቁትን ነገር ሼኩ ላያውቅ ይችላል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተሳታፊዎች ከልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች በየወረዳው እንዲመረጡ ያደረገውም ስለዚሁ ነው። ለምክክር ልክ የሆነው ለወረዳ ሰላም ኮሚቴም ልክ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከባድ ጉዳት ካገኛቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህ ጦርነት አንድ ቀን በንግግር ያበቃል፤ ያን ቀን በየወረዳው ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። በሁለት እጁ እነሴ፣ በእነማይ፣ በአነደድ ያን መዝገብ የምትይዙ ሰዎች ሆይ፦ የሙስሊሞችን ስም ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምራችሁ ጻፉ፤ የጠፋባቸውን ንብረት ከሌላው ሰው ንብረት እኩል መዝግቡ፤ ሴቶቻቸውንና ነጋዴዎቻቸውን ጥሩ፤ ስብሰባውንም በዓርብ የጁምዓ ሰዓት አታድርጉት።